የትራኪዮስቶሚ ቀዶ ሕክምና፦ ምንነቱ፣ የሚደረግባቸው ምክንያቶችና በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው እንክብካቤ

የሰው ልጅ ያለ ምግብ ሳምንታትን፣ ያለ ውኃ ደግሞ ጥቂት ቀናትን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ሊቆይ የሚችለው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመሆኑም በአፍና በአፍንጫ የሚገባው አየር ወደ ሳንባ የሚያልፍበት መንገድ ሲዘጋ ወይም ታካሚው ለረጅም ጊዜ በማሽን ለመተንፈስ ሲገደድ፣ ሐኪሞች በአንገት በኩል ሌላ የአየር መግቢያ ይከፍታሉ። ይህ ቀዶ ሕክምና ትራኪዮስቶሚ ይባላል።

«አንገቱ ሊበሳ ነው» የሚለው ዜና ለብዙ ቤተሰቦች አስደንጋጭ ነው። አንዳንዶች የመጨረሻ ተስፋ መቁረጫ አድርገው ይመለከቱታል፤ ፈቃድ ለመስጠትም ያመነታሉ። እውነታው ግን ትራኪዮስቶሚ ሕይወትን የሚያቆይ፣ በብዙ ታካሚዎች ላይም ጊዜያዊ የሆነ ሕክምና መሆኑ ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ግን ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ ይቀጥላል። በሆስፒታል ቆይታ ወቅት ይህንን ሥራ የሚያከናውኑት ነርሶች ናቸው። ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ኃላፊነቱ ወደ ቤተሰቡ ይዛወራል። ቱቦው በአክታ ቢደፈን ወይም ከቦታው ቢወጣ አስቀድሞ የሚደርስለት ሐኪም ሳይሆን በአጠገቡ ያለ እናት፣ የትዳር አጋር፣ ልጅ ወይም እህት ነው። ይህ ጽሑፍ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ለዚህ ኃላፊነት እንዲዘጋጁ የሚያግዝ መረጃ ያቀርባል።

ትራኪዮስቶሚ ምንድን ነው?

ትራኪያ የሚባለው የመተንፈሻ ቧንቧ ከማንቁርት ሥር ተነሥቶ ወደ ሳንባዎች የሚወርድ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በትራኪዮስቶሚ ጊዜ ሐኪሙ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአንገት ፊት ለፊት ባለው የዚህ ቧንቧ ክፍል ላይ ቀዳዳ ይከፍትና አጭርና ጎባጣ ቱቦ ያስገባል። ታካሚውም አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው በዚህ ቱቦ በኩል ይሆናል።

ቱቦው በአብዛኛው ከፕላስቲክ ወይም ከሲሊኮን፣ አንዳንዴም ከብረት ይሠራል። አስታማሚዎች ክፍሎቹን ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል። ውጫዊው ቱቦ በቀዳዳው ውስጥ የሚቆየው ዋናው አካል ነው። በአንገት ቆዳ ላይ የሚያርፈው ክንፍ የማሰሪያው መያዣ ነው። ውስጠኛው ቱቦ በውጫዊው ውስጥ የሚገባ፣ ለጽዳት የሚወጣና የሚመለስ ክፍል ነው። በአንዳንድ ቱቦዎች ጫፍ ላይ አየር የሚሞላ ትንሽ ፊኛ ይገኛል፤ ፊኛው ሲነፋ በቱቦውና በመተንፈሻ ቧንቧው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል። ማስገቢያ ዘንግ የሚባለው ደግሞ አዲስ ቱቦ በሚገባበት ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና ወዲያውኑ የሚወጣ መሣሪያ ነው። በሕፃናት ቱቦዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውስጠኛ ቱቦ የለም፤ ቱቦዎቹም ጠባብ ስለሆኑ በፍጥነት ሊደፈኑ ይችላሉ።

ትራኪዮስቶሚ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ከማስወገድ ቀዶ ሕክምና የተለየ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ትራኪዮስቶሚ በተደረገለት ሰው ላይ ከአፍና ከአፍንጫ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ እንዳለ ነው፤ የተዘጋ ወይም የጠበበ ሊሆን ግን ይችላል። ማንቁርቱ በሙሉ የወጣለት ሰው ግን የሚተነፍሰው በአንገቱ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በአፉ በኩል የሚሰጥ ኦክስጅን ወደ ሳንባው አይደርስም። ስለዚህ አስታማሚዎች የታካሚያቸውን ሁኔታ በትክክል አውቀው በድንገተኛ ጊዜ ለሚደርሱ ባለሙያዎች መናገር አለባቸው።

ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ለምንድን ነው?

ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ለረጅም ጊዜ መረዳት ሲያስፈልግ ነው። በአፍ በኩል የሚገባው ቱቦ ለብዙ ቀናት ሲቆይ ማንቁርትንና የድምፅ አውታሮችን ሊጎዳ ይችላል። በአንገት የሚገባው ቱቦ ታካሚው እንዲረጋጋ፣ አፉ በሚገባ እንዲጸዳና ከማሽኑ ቀስ በቀስ እንዲላቀቅ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ የላይኛው የአየር መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲጠብ ነው። የማንቁርትና የጉሮሮ ካንሰር፣ በትራፊክ አደጋ ምክንያት በፊትና በአንገት ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ቃጠሎ፣ ከባድ የጉሮሮ እብጠት እንዲሁም የመተንፈሻ ቧንቧን የሚጫን ትልቅ እንቅርት በዚህ ሥር ይመደባሉ።

ሦስተኛ፣ በጭንቅላት ጉዳት፣ በስትሮክ ወይም በነርቭና በጡንቻ ሕመም ምክንያት ታካሚው አክታውን በራሱ ማስወገድ ሲያቅተው ነው።

አራተኛ፣ በአፍ፣ በመንጋጋ ወይም በአንገት ላይ ከሚደረግ ከፍተኛ ቀዶ ሕክምና በፊት የአየር መንገድን አስቀድሞ ለማስጠበቅ ነው።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒዬር ብሬቶኖ እ.ኤ.አ. በ1825 ዘጊ አናዳ በተባለው በሽታ ጉሮሮዋ የተዘጋባትን ሕፃን በዚህ ዘዴ አትርፏል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን በአንገታቸው ቱቦ ገብቶላቸው፣ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ በእጃቸው አየር በመግፋት ሕይወታቸውን አቆይተዋል። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ከዚህ ተሞክሮ ብዙ ትምህርት ወስዷል።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይከናወናል?

አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በስተቀር ሐኪሙ ስለ ሕክምናው ጥቅም፣ ሊያስከትል ስለሚችለው ጉዳትና ስለ ሌሎች አማራጮች ለታካሚው ወይም ለቤተሰቡ አስረድቶ ፈቃድ ይቀበላል። ታካሚውና ቤተሰቡ ያልገባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው። «ቱቦው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?»፣ «መናገርና መብላት ይቻላል?»፣ «በቤት ውስጥ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ምንድን ናቸው?» የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መነሣት ያለባቸው ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው በሁለት መንገዶች ሊከናወን ይችላል። የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ሰመመን የሚደረገው ነው። ሐኪሙ የአንገትን ቆዳ ሰንጥቆና ጡንቻዎቹን ወደ ጎን አድርጎ የመተንፈሻ ቧንቧውን ይከፍትና ቱቦውን ያስገባል። ሁለተኛው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በታካሚው አልጋ ላይ የሚደረግ ሲሆን፣ በመርፌ የተከፈተውን ትንሽ ቀዳዳ ቀስ በቀስ በማስፋት ቱቦው እንዲገባ ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ የተስፋፋ ነው። ለታካሚው የሚስማማውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመርቀዝ፣ አየር ከቆዳ ሥር መግባት እንዲሁም የቱቦው መደፈን ወይም መውጣት ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ወቅት ቀዳዳው ገና ስላልጸና ቱቦው ከወጣ መንገዱ ወዲያው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው በቅርብ ክትትል ሥር ይቆያል። የመጀመሪያው የቱቦ ቅያሬም በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ቀናት ካለፉ በኋላ ልምድ ባለው ባለሙያ ይከናወናል።

ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት

ከሆስፒታል የመውጫው ቀን የሚቆረጠው በታካሚው መሻሻል ብቻ ሳይሆን በአስታማሚው ዝግጁነትም ጭምር ሊሆን ይገባል። ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ አባላት እንክብካቤውን በነርሶች ፊት በገዛ እጃቸው ደጋግመው እንዲሠሩ ይመከራል። ሲሠራ ማየት ብቻ በቂ አይደለም። አንዱ አስታማሚ ለሥራ ወይም ለገበያ ሲወጣ ሌላው መተካት መቻል አለበት።

ከታካሚው ፈጽሞ የማይለይ አንድ ቦርሳ መዘጋጀት ይኖርበታል። በውስጡም ተመሳሳይ መጠን ያለው መለዋወጫ ቱቦ፣ በአንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ ቱቦ፣ ማስገቢያ ዘንግ፣ መለዋወጫ ውስጠኛ ቱቦ፣ የአንገት ማሰሪያ፣ መቀስ፣ ፊኛ ላለው ቱቦ ባዶ ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጓንት፣ የአክታ መምጠጫ ቱቦዎችና የእጅ ባትሪ ሊኖሩ ይገባል። የቱቦው ዓይነትና ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀንና ምክንያት እንዲሁም የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ።

የአክታ መምጠጫ ማሽኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያለው ወይም በእጅና በእግር የሚሠራ መምጠጫ በተጠባባቂነት መያዝ ተገቢ ነው።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

እርጥበት፦ አፍንጫ አየርን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራንም ያጣራል። በአንገት የሚገባው አየር በአፍንጫ ስለማያልፍ ይህ ጥቅም ይቀራል፤ አክታውም ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ቱቦውንም ይደፍናል። በተለይ አየሩ ደረቅ በሚሆንባቸው የበጋ ወራት ጥንቃቄው መጨመር አለበት። በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት በቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም የእርጥበት ማጣሪያ መጠቀም ወይም ኖርማል ሳላይን በእንፋሎት መልክ መውሰድ ይቻላል። የሚከለክል የጤና ችግር ከሌለ በቂ ፈሳሽ መጠጣትም አክታን ያቀጥናል።

አክታን መምጠጥ፦ ታካሚው በማሳል ሊያወጣው የሚችለውን አክታ በራሱ እንዲያወጣ ማበረታታት ይቀድማል። የአክታ መንኮራኮር ድምፅ ሲሰማ፣ አተነፋፈሱ ሲከብድ ወይም ታካሚው ራሱ ሲጠይቅ ግን መምጠጥ ያስፈልጋል። እጅ በሳሙና ከታጠበና ጓንት ከተደረገ በኋላ የመምጠጫው ቱቦ በሆስፒታል በተለካው ጥልቀት ልክ፣ ሳይመጥ ይገባል፤ ከዚያም እየመጠጠ ቀስ ብሎ ይወጣል። መምጠጡ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ ሊበልጥ አይገባም። ታካሚው በቂ ዕረፍት አግኝቶ ከተነፈሰ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ ይደገማል።

የውስጠኛው ቱቦ ጽዳት፦ ውስጠኛው ቱቦ ቢያንስ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ አክታ ሲበዛም ከዚያ በላይ መታየትና መጽዳት አለበት። በአንድ እጅ የውጫዊውን ቱቦ ክንፍ አጥብቆ በመያዝ በሌላው እጅ ውስጠኛው ይወጣል፤ ንጹሑ መለዋወጫም ወዲያው ይተካል። የወጣው ቱቦ በሆስፒታሉ መመሪያ መሠረት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ወይም በኖርማል ሳላይን፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ከደረቀም በኋላ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ውስጠኛ ቱቦዎች ግን ታጥበው አይደገሙም።

የቆዳና የማሰሪያ እንክብካቤ፦ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቆዳ በየዕለቱ መጽዳትና በጥንቃቄ መድረቅ ይኖርበታል። ብጣሽና ክር ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ጥጥ ወይም በመቀስ የተቆረጠ ጎዝ በቀዳዳው ዙሪያ መጠቀም አይገባም። የአንገት ማሰሪያው በአንገትና በማሰሪያው መካከል አንድ ጣት ብቻ በሚያስገባ መጠን ይታሰራል። ማሰሪያው በሚለወጥበት ጊዜ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ይመረጣል፤ አንዱ ቱቦውን ይዞ ሌላው ይለውጣል።

ንግግር፣ ምግብና የዕለት ኑሮ

አየሩ ከድምፅ አውታሮች በታች ስለሚወጣ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፁ ላይሰማ ይችላል። ይህ ታካሚውንም ቤተሰቡንም የሚያስጨንቅ ጊዜ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የሞባይል ስልክ ጽሑፍ፣ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ወይም አስቀድሞ የተስማሙበት የእጅ ምልክት ችግሩን ያቃልላሉ። ታካሚው ተጣርቶ ሰው ማስነሣት ስለማይችል በመኝታው አጠገብ ቃጭል ወይም ደወል ሊኖረው ይገባል።

ሁኔታቸው የፈቀደላቸው ታካሚዎች በመናገሪያ ክዳን አማካይነት እንደገና መናገር ይችላሉ። ክዳኑ አየር አስገብቶ በቱቦው በኩል እንዳይወጣ የሚያግድ በመሆኑ፣ የቱቦው ፊኛ በተነፋበት ጊዜ ፈጽሞ መገጠም የለበትም። ፊኛው እንደተነፋ ክዳኑ ቢገጠም ታካሚው አየር ማስወጣት አቅቶት ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ብዙ ታካሚዎች በአፋቸው መመገብ ይችላሉ፤ ሆኖም የመዋጥ ችሎታቸው አስቀድሞ በባለሙያ መታየት አለበት። ሲመገቡ ቀጥ ብለው መቀመጥ፣ በትንንሹ መጉረስና ከምግብ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል አለመተኛት ይመከራል። በምግብ ጊዜ የሚበረታ ሳል ወይም በቱቦው በኩል የሚወጣ የምግብ ቅሪት ከታየ በአፍ መመገቡን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

በቀዳዳው የሚገባ ውኃ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይደርሳል። ስለዚህ ገላ ሲታጠቡ ውኃው ከደረት በታች ብቻ እንዲፈስ ማድረግ፣ ፀጉርንም ለብቻው ማጠብ ይገባል። ዋና ክልክል ነው። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም ውኃው ከራስ ላይ እንዳይፈስባቸው ለአጥማቂው አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል።

የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ የሚወጣው ጢስ፣ ሲጋራ፣ ሽቶና የሚረጩ የተባይ ማጥፊያዎች ያለ ማጣሪያ ወደ ሳንባ ይገባሉ። ታካሚው ከማብሰያ ቦታ ርቆ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል እንዲቀመጥ ማድረግ ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ የፀረ ወባ ኬሚካል በሚረጭበት ጊዜም ከቤት ወጥቶ መቆየት አለበት። ወደ ውጭ ሲወጣ አቧራ እንዳይገባበት ቀዳዳውን አየር በሚያሳልፍና ክር በማይለቅ ስስ ጨርቅ ከለል ማድረግ ይቻላል።

በድንገተኛ ጊዜ ምን ይደረግ?

የቱቦ መደፈን ምልክቶች ፈጣንና አስቸጋሪ አተነፋፈስ፣ የመቁነጥነጥ ስሜት፣ በአንገትና በጎድን መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ያልተለመደ የፉጨት ድምፅ እንዲሁም የከንፈርና የጥፍር መጥቆር ናቸው። በዚህ ጊዜ አስታማሚው የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይፈጽም።

1. ሌላ ሰው አምቡላንስ እንዲጠራ ያድርጉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ቁጥር 907 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን ቁጥር 939 ነው።
2. በቱቦው ላይ የተገጠመ ክዳን ወይም ማጣሪያ ካለ ያንሡ።
3. ውስጠኛውን ቱቦ ያውጡ፤ የደፈነው እርሱ ከሆነ መንገዱ ወዲያውኑ ይከፈታል።
4. አክታውን ይምጠጡ።
5. ቱቦው ፊኛ ካለውና ታካሚው አሁንም መተንፈስ ካቃተው፣ በሲሪንጅ የፊኛውን አየር ያውጡ፤ አየር በቱቦው ዙሪያ ሊያልፍ ይችላል።
6. ይህም ካልረዳ ቱቦው መለወጥ አለበት። በሆስፒታል በሠለጠኑት መሠረት የተደፈነውን ቱቦ አውጥተው መለዋወጫውን ያስገቡ።

ቱቦው በራሱ ከወጣ ታካሚውን በጀርባው ያስተኙ፤ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ በማድረግ አንገቱ እንዲቃና ያድርጉ። መለዋወጫውን ቱቦ ከነማስገቢያ ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ታች በቀስታ ያስገቡ፤ ዘንጉንም ወዲያውኑ ያውጡ። አልገባ ካለ በኃይል አይግፉት፤ በቁጥር የሚያንሰውን ይሞክሩ። እርሱም ካልገባ ታካሚው በቀዳዳውና በአፉ እየተነፈሰ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ታካሚው መተንፈስ ካቆመ ትንፋሽ በአንገቱ ቀዳዳ ወይም በቱቦው በኩል መስጠት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ አፉና አፍንጫው ይዘጋሉ። ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነም ደረትን የመጫን የመጀመሪያ ዕርዳታ ወዲያውኑ ይጀመር።

ከመምጠጥ በኋላ በአክታ ላይ የሚታይ ጥቂት የደም ነጠብጣብ ሊያጋጥም ይችላል። ደማቅ ቀይና የማያቋርጥ ደም ግን፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ቀለሙና ሽታው የተለወጠ አክታ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የሚታይ መቅላትና መግልም በጤና ባለሙያ መታየት አለባቸው።

ቱቦው የሚወጣው መቼ ነው?

ቱቦው እንዲገባ ያደረገው ችግር ከተወገደ፣ ታካሚው በራሱ መተንፈስና አክታውን በማሳል ማውጣት ከቻለ ሐኪሙ ቱቦውን ለማውጣት ደረጃ በደረጃ ይዘጋጃል። ቱቦውን በአነስተኛ መለወጥና ለተወሰነ ሰዓት መክደን የተለመዱ ደረጃዎች ናቸው። ቱቦው ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይዘጋል። እስኪዘጋ ድረስ ታካሚው ሲናገርና ሲያስል በፋሻው ላይ በጣቱ መጫን ይኖርበታል። ታካሚው ደኅንነት ስለተሰማው ብቻ ቱቦውን በራሱ ወይም በቤተሰቡ ማስወጣት ግን ፈጽሞ አይገባም።

አስቀድሞ መከላከል

ለትራኪዮስቶሚ ከሚያደርሱ ምክንያቶች አንዳንዶቹን መከላከል ይቻላል። ዘጊ አናዳንና ሌሎች አራት በሽታዎችን የሚከላከለው አምስት በአንድ የያዘ ክትባት ለሕፃናት በወቅቱና ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ቁልፍና የመሳሰሉት ጥቃቅን ነገሮች ከትንንሽ ሕፃናት መራቅ ይኖርባቸዋል። እንጥል ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ጎጂ ልማድ በመሆኑ ሊቀር ይገባል። ከትምባሆ መራቅ፣ በአዮዲን የበለጸገ ጨው መጠቀምና የትራፊክ ደንብን ማክበርም የአየር መንገድን ከሚጎዱ ሕመሞችና አደጋዎች ይጠብቃሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ወይም ለመዋጥ መቸገር ሲያጋጥም ሳይዘገዩ መመርመር፣ የጉሮሮና የማንቁርት ካንሰር አስቀድሞ እንዲገኝ ይረዳል።

ትራኪዮስቶሚ ያለው ሰው በተገቢው እንክብካቤ ከቤተሰቡ ጋር መኖር፣ መማርና እንደ ሁኔታው መሥራት ይችላል። ለዚህ ዋስትና የሚሆኑት ግን በየዕለቱ የሚጸዳ ቱቦ፣ ከአጠገቡ የማይለይ ቦርሳና በድንገተኛ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ የሚያውቅ አስታማሚ ናቸው። ስለሆነም ማንኛውም ቤተሰብ ታካሚውን ይዞ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ያልገባውን ሁሉ እንዲጠይቅ፣ የተማረውንም በባለሙያ ፊት ሠርቶ እንዲያሳይ እንመክራለን።